የዝናብ አይሶቶፕ ክትትልና የአዲስ አበባ ዝናብ

የሐምሌ ዝናብና የሚያዝያ ዝናብ በመልክም በጣዕምም አይለዩም። ላቦራቶሪ ገብተው ሲመረመሩ ግን አንደኛው ከሌላው ከበድ ብሎ ይገኛል። ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ በሺህ እየተከፈለ የሚነገር ነው። ቢሆንም በትክክል ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ካንዱ ዓመት ወደ ሌላው ይነጻጸራል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ውሃ የተሠራባቸው የሃይድሮጅንና የኦክስጅን አይሶቶፖች ናቸው። የጉድጓድ ውሃ ከየትኛው ዝናብ እንደመጣ፣ ሐይቅ ምን ያህል እንደሚተን፣ ምንጭ ከመሬት በታች ስንት ዘመን እንደቆየ የሚመረምር ባለሙያ መነሻ የሚያደርገው የዝናብን የአይሶቶፕ መዝገብ ነው። መዝገቡ ከሌለ የቀረው ልኬት ሁሉ የሚነጻጸርበት ያጣል።

አይሶቶፖች የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች ሆነው፣ በፕሮቶን ቁጥር እኩል፣ በኒውትሮን ቁጥር የሚለያዩ ናቸው። በኬሚካዊ ጠባያቸው ይመሳሰላሉ፤ በክብደታቸው ግን አንድ አይደሉም። አብዛኛው የኦክስጅን አተም 8 ፕሮቶንና 8 ኒውትሮን ስላለው ኦክስጅን 16 ይባላል። ከ500 የኦክስጅን አተሞች አንዱ ያህል ግን 2 ተጨማሪ ኒውትሮን ይዞ ይገኛል፤ ይህ ኦክስጅን 18 ነው። በሃይድሮጅን በኩል ደግሞ ከ6,400 አተሞች አንዱ ያህል አንድ ኒውትሮን አለው፤ ዲዩቴሪየም ይባላል። ዲዩቴሪየምን እ.ኤ.አ. በ1931 ያገኘው አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሮልድ ዩሪ ሲሆን፣ ለዚሁ ግኝቱ በ1934 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሦስተኛው የሃይድሮጅን ዓይነት ትሪቲየም ነው። እሱ እንደ ሁለቱ ጽኑ አይደለም፤ ጨረር እየለቀቀ ይከስማል። የመክሰሚያ ፍጥነቱ በመታወቁም የውሃን ዕድሜ ለመገመት ያገለግላል።

በአንድ ማንኪያ ውሃ ውስጥ ቀላሉም ከባዱም ሞለኪውል ተደባልቆ አለ። ውሃ ሲተን ቀላሎቹ በቀላሉ ያመልጣሉ፤ ከባዶቹ ወደኋላ ይቀራሉ። ተን ወደ ጠብታ ሲለወጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከባዶቹ ቀድመው ጠብታ ይሆናሉ። ከውቅያኖስ የተነሳ እርጥብ አየር ወደ ምድር ሲጓዝ በየደረሰበት ዝናብ ያራግፋል። ባራገፈ ቁጥር ከባዱን ይዘቱን አስቀድሞ ይሰጣል፤ በደመናው ውስጥ የሚቀረው ተን እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ በጉዞው መጀመሪያ የሚዘንበው ዝናብ በከባድ አይሶቶፕ የበለጸገ ሲሆን፣ ደመናው ብዙ ካራገፈ በኋላ የሚወርደው ግን የሳሳ ነው። የዝናብ አይሶቶፕ ትምህርት በአብዛኛው የዚህ አንድ ሂደት ዝርዝር ነው ማለት ይቻላል።

መለኪያው ዴልታ ይባላል። የናሙናው የከባድና የቀላል አይሶቶፕ ንጽጽር ከአንድ የጋራ መመዘኛ ውሃ ጋር ይተያያል፤ ልዩነቱም በሺህ ይገለጻል። መመዘኛው የውቅያኖስን ውሃ አማካይ ይዘት እንዲወክል የተዘጋጀ ውሃ ነው፤ ስሙንም የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መቀመጫ ከሆነችው ከተማ ወስዶ የቪየና መመዘኛ ይባላል። የመመዘኛው ዋጋ ዜሮ ነው። የአንድ ዝናብ የኦክስጅን 18 ዴልታ ኔጋቲቭ 5 ነው ሲባል፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ ያለው ከባድ ኦክስጅን ከመመዘኛው በሺህ 5 ያንሳል ማለት ነው። ፖዘቲቭ 2 ከሆነ ደግሞ በሺህ 2 ይበልጣል። በምድር ላይ ከሚወርደው ዝናብና በረዶ አብዛኛው ከዜሮ በታች ነው፤ በአንታርክቲካ መሐል ያለው በረዶ ከኔጋቲቭ 50 በታች ይወርዳል።

ዝናብን እንዲህ የመመርመር ታሪክ ከአንድ የዴንማርክ ሳይንቲስት ግቢ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ቪሊ ዳንስጎርድ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ዝናብ ሲጥል፣ ባዶ የቢራ ጠርሙስ አፍ ላይ ማንቆርቆሪያ ሰክቶ ሣር ላይ አቆመው። ሥራው የረቀቀ መሣሪያ አልጠየቀም። ዝናቡ የመጣው በሞቃት አየር ግንባር ሲሆን፣ በየሰዓቱ የተያዘው ውሃ በተለካ ጊዜ የኦክስጅን 18 መጠኑ ዝናቡ እየገፋ ሲሄድ ተለዋወጠ። ዳንስጎርድ ደመናው የተፈጠረበት ሙቀት በዝናቡ ውስጥ ምልክት እንደሚተው ተረዳ፤ ወደ አሮጌ የበረዶ ክምችት ዘወር ብሎ የጥንቱን አየር ንብረት ማንበብ እንደሚቻልም ያሰበው ከዚህ ተነስቶ ነው። በ1964 ያሳተመው ጽሑፍ እስከ ዛሬ የዘርፉ መሠረታዊ ጽሑፍ ነው።

ዳንስጎርድና ተከታዮቹ የዝናቡን ይዘት የሚወስኑ ነገሮችን ለይተዋል። ቀዝቃዛ አገር የሚወርደው ዝናብ ሙቅ አገር ከሚወርደው ይሳሳል። በመካከለኛና በሰሜናዊ ኬክሮሶች ከጣቢያ ጣቢያ ሲታይ፣ የዓመቱ አማካይ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ኦክስጅን 18 በሺህ 0.7 ያህል ከፍ ይላል። ከባሕር ርቆ ወደ አህጉሩ ውስጥ ሲገባ ይቀንሳል። ተራራ ሲወጣም ይቀንሳል፤ ብዙ ቦታ በየ100 ሜትሩ ከፍታ በሺህ ከ0.2 እስከ 0.3 ያህል። በሐሩር አካባቢ ደግሞ የሙቀቱ ተጽዕኖ ደብዘዝ ይልና የዝናቡ ብዛት ቦታውን ይይዛል፤ ብዙ የዘነበበት ወር አይሶቶፑ ዝቅ ያለ፣ ጥቂት የዘነበበት ወር ከፍ ያለ ይሆናል። እነዚህ ሕጎች አማካይ ሕጎች ናቸው። አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ አዲስ አበባ ላይ የሆነውም ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለውሃ ጥናት የጠቀመው የሁለቱ አይሶቶፖች ዝምድና ነው። አሜሪካዊው ሃርመን ክሬግ እ.ኤ.አ. በ1961 ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ናሙናዎችን ሲያነጻጽር፣ በትነት ያልተነካ ውሃ ሁሉ አንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ እንደሚሰለፍ አገኘ። የዲዩቴሪየሙ ዴልታ የኦክስጅን 18 ዴልታ 8 እጥፍ ሲሆን በላዩ 10 ይጨመራል። አንባቢ ወረቀት ይዞ ሊያሰላው ይችላል፦ ኦክስጅን 18 ኔጋቲቭ 3 የሆነ ዝናብ፣ 8 ጊዜ ኔጋቲቭ 3 ኔጋቲቭ 24፣ በላዩ 10 ሲጨመር ዲዩቴሪየሙ ኔጋቲቭ 14 አካባቢ ይሆናል። ይህ መስመር የዓለም የዝናብ ውሃ መስመር ይባላል። በአንድ አካባቢ ብቻ በተሰበሰበ ዝናብ የሚሠመረው ደግሞ የአካባቢው መስመር ነው፤ ከዓለሙ ጥቂት ሊያዘነብል ይችላል።

የመስመሩ ጥቅም ከእሱ የወጣ ውሃ ምን እንደደረሰበት መናገሩ ነው። ሐይቅ፣ ኩሬ፣ የመስኖ ቦይ ሲተን የሁለቱ አይሶቶፖች ጭማሪ በ8 እጥፍ አይሄድም፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 እጥፍ ባለው ተዳፋት ነው የሚሄደው። ስለዚህ የተነነ ውሃ ኦክስጅን 18 በአግድም፣ ዲዩቴሪየም በቁም በሚሰለፍበት ግራፍ ላይ ከዝናቡ መስመር ወደ ቀኝ ተገንጥሎ ይታያል። አንድ ጉድጓድ ውሃው መስመሩ ላይ ከተቀመጠ፣ ዝናቡ ፈጥኖ ወደ መሬት ሰርጎ እንደሞላው ይገመታል። ከመስመሩ በቀኝ በኩል ርቆ ከተገኘ ግን መሬት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሜዳ ላይ ተኝቶ ቆይቷል፤ ካልሆነም ከሐይቅ የተበረዘ ውሃ ነው። ከዲዩቴሪየሙ ላይ የኦክስጅኑ 8 እጥፍ ሲቀነስ የሚቀረው ቁጥር ደግሞ የዲዩቴሪየም ትርፍ ይባላል። ትርፉ ተኑ በተነሳበት ባሕር ላይ የነበረውን የአየር እርጥበት ይጠቁማል፤ በደረቅ አየር ሥር የተነሳ ተን ትርፉ ከፍተኛ ነው።

የዝናብ አይሶቶፕን በዓለም ደረጃ መከታተል የተጀመረበት ምክንያት ግን ከጽኑ አይሶቶፖች ይልቅ ከትሪቲየም ጋር የተያያዘ ነው። ትሪቲየም በተፈጥሮ የሚወለደው የጠፈር ጨረር የላይኛውን ከባቢ አየር ሲመታ ነው። ብዛቱ የሚነገረው በትሪቲየም አሃድ ሲሆን፣ አንድ አሃድ ማለት ከሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን የሃይድሮጅን አተሞች መካከል አንዱ ትሪቲየም ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኃያላን መንግሥታት የሃይድሮጅን ቦምብ በአየር ላይ ሲያፈነዱ፣ የትሪቲየሙ መጠን በሰሜን ንፍቀ ክበብ አንዳንድ ጣቢያዎች ከተፈጥሯዊው በመቶዎች እጥፍ ተተኮሰ። ከፍተኛው የተመዘገበው በ1963 ነው፤ በዚያው ዓመት የተፈረመው ውል በአየር ላይ የሚደረገውን ፍተሻ ከፈራሚዎቹ በኩል ሲያስቆም መጠኑ መቀነስ ጀመረ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በጋራ የዝናብ ናሙና የሚሰበስብ መረብ የዘረጉት በዚሁ የፍንዳታ ዘመን ነው። መረቡ በ1961 በሙሉ ሥራ ጀመረ። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ከ1,000 በላይ ጣቢያዎች በተለያየ ጊዜ ናሙና ሰጥተውታል፤ መረጃው ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት ነው።

ከፍንዳታው የተረፈው ትሪቲየም፣ ጎጂ በሆነ መንገድ የመጣ ቢሆንም፣ ለውሃ ተመራማሪዎች ቀን የተጻፈበት ማኅተም ሆኖላቸዋል። የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ 12.3 ዓመት ነው፤ ማለትም በየ12 ዓመት ከ4 ወሩ ገደማ ግማሹ ይከስማል። ከ1963 ወዲህ አምስት ያህል ግማሽ ዕድሜዎች ስላለፉ የያኔው ትሪቲየም ዛሬ ወደ 32ኛ እጁ ዝቅ ብሏል። በዚህ ምክንያት የቦምቡ ምልክት ዛሬ እንደ ድሮው በቀላሉ አይነበብም፤ ነገር ግን በአንድ የጉድጓድ ውሃ ትሪቲየም ጨርሶ ካልተገኘ ውሃው ወደ መሬት የገባው ከቦምቦቹ በፊት መሆኑ አያከራክርም። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሲሳብ የሚወጣው የዘንድሮ ክረምት ውሃ አይደለም፤ ለውሃ አስተዳደር ትልቅ ትርጉም አለው።

ናሙና አሰባሰቡ ሲታይ ቀላል ነው፤ ስሕተት የሚገባው ግን እዚያው ላይ ነው። የዝናብ ጣቢያ ተመልካች በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የዝናብ መለኪያውን ከፍቶ በሚሊ ሜትር ካነበበ በኋላ፣ ውሃውን አይደፋም። ጠበብ ያለ አፍ ባለው ትልቅ ዕቃ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ዕቃው ወዲያው ይከደናል። ወሩን ሙሉ በየቀኑ የተጠራቀመው ውሃ በወሩ መጨረሻ ተደባልቆ አንድ ናሙና ይሆናል። የሚፈራው ነገር ትነት ነው። ጥቂት ቀን ክፍት የተተወ ውሃ ከባድ አይሶቶፑ እየበዛ ይሄዳል፤ ላቦራቶሪው የሚለካውም ዝናቡን ሳይሆን የዕቃውን ትነት ይሆናል። ይህን ለመከላከል አንዳንድ ጣቢያዎች ዕቃው ውስጥ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል የፓራፊን ዘይት ያኖራሉ፤ ዘይቱ ተንሳፍፎ ውሃውን ከአየር ይለያል። ሌሎች ደግሞ ከማንቆርቆሪያው የሚወርድ ቀጭን ቱቦ እስከ ጠርሙሱ ታች ድረስ የዘለቀበትን መሰብሰቢያ ይጠቀማሉ፤ ቱቦው አፉ ከውሃው ውስጥ ስለሚጠልቅ ለአየር የሚጋለጠው በጣም ጠባብ ስፍራ ብቻ ነው። ዘይት ያለበት ናሙና በሌዘር መሣሪያ ለመለካት ስለሚያስቸግር አሁን አሁን የቱቦው መንገድ ይመረጣል።

ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው ናሙና ብዙ አይደለም፤ ለሁለቱ ጽኑ አይሶቶፖች 50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይበቃል። ለትሪቲየም ግን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያስፈልጋል፤ ትሪቲየሙ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ውሃው በኤሌክትሪክ እየተፈረካከሰ አስቀድሞ መጠናከር አለበት። ጠርሙሱ ወፍራም ፕላስቲክ ሆኖ ክዳኑ ጥብቅ መሆን፣ ውሃውም እስከ አፉ መሞላት አለበት። በላዩ የጣቢያው ስም፣ ወሩ፣ የወሩ ዝናብ በሚሊ ሜትርና አማካይ ሙቀቱ ይጻፋል። የዝናቡ መጠን ያልተጻፈበት ጠርሙስ ግማሽ ዋጋውን አጥቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በፊት ልኬቱ የሚከናወነው ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር ብቻ ነበር። ለኦክስጅን 18 ውሃው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ለሰዓታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ኦክስጅኖቻቸውን ከተለዋወጡ በኋላ ጋዙ ወደ መሣሪያው ይገባል። መሣሪያው ውድ ነው፣ ጥገናው አስቸጋሪ ነው፣ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በሌዘር የሚሠሩ መሣሪያዎች ገበያ ላይ ሲወጡ ነገሩ ተለወጠ። የውሃው ተን በመስተዋቶች መካከል ሌዘር ይበራበታል፤ ቀላሉና ከባዱ ሞለኪውል የየራሳቸውን የብርሃን ቀለም ስለሚመጥጡ፣ የብርሃኑ መቀነስ የእያንዳንዳቸውን ብዛት ይነግራል። ለኦክስጅን 18 በሺህ 0.1፣ ለዲዩቴሪየም በሺህ 1 ያህል ትክክለኛነት ያለ ብዙ ችግር ይገኛል። ይህም በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ናሙናቸውን ውጭ ሳይልኩ እዚያው እንዲለኩ በር ከፍቷል።

ውጤቱ ከመጣ በኋላ የዓመቱ አማካይ ሲወጣ የተለመደ ጥፋት አለ፤ የ12ቱን ወር ቁጥር ደምሮ ለ12 ማካፈል። ለነገሩ ማሳያ የሚሆን ቁጥር ቢወሰድ፣ በአንድ ወር 250 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ዴልታው ኔጋቲቭ 3 ሆነ፤ በሌላ ወር 50 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ፖዘቲቭ 1 ሆነ እንበል። ተራው አማካይ ኔጋቲቭ 1 ነው። በዝናቡ መጠን ሲመዘን ግን ኔጋቲቭ 2.3 ይሆናል። ወደ መሬት የሚሰርገው ወሩ ሳይሆን ውሃው ስለሆነ፣ ለከርሰ ምድር ውሃ የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው።

አዲስ አበባ በዚህ መረብ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዷ ስትሆን፣ በመካከሉ ክፍተት ቢኖርበትም መዝገቧ የሚጀምረው በ1961 ነው። ውጤቱ ገና ከመጀመሪያው ተመራማሪዎችን አስገርሟል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከውቅያኖስም ርቃ ያለች ናት። በከፍታው ሕግ መሠረት ብቻ እንኳ በየ100 ሜትሩ ከ0.2 እስከ 0.3 ቢቀነስ፣ ዝናቧ በባሕር ዳርቻ ካለው በሺህ ከ4 ከግማሽ እስከ 7 ዝቅ ማለት ነበረበት። የተለካው ግን ሌላ ነው። በዝናቡ መጠን የተመዘነው የአዲስ አበባ የኦክስጅን 18 አማካይ ከኔጋቲቭ 1 እምብዛም አይርቅም። ከባሕር ጠለል አጠገብ ካሉ ብዙ የሐሩር ከተሞች ዝናብ እንኳ የበለጸገ ነው። የበልጉ ዝናብ ደግሞ ከዜሮ በላይ ሲወጣ ይታያል፤ የክረምቱ ወደ ኔጋቲቭ ይወርዳል።

ለዚህ የተሰጡት ማብራሪያዎች ከአንድ በላይ ናቸው። አንደኛው የተኑን መነሻ ይጠቅሳል። ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣው እርጥብ አየር በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ ላይ ብዙ ሳይዘንብ አልፎ ደጋው ላይ ሲደርስ ገና የመጀመሪያውን ጠብታውን ነው የሚያራግፈው፤ ከባዱ ይዘቱ ከእሱ ጋር ነው። ለበልጉ ዝናብ ይህ ማብራሪያ ጥሩ ይስማማዋል። ሁለተኛው የክረምቱን ዝናብ የሚመለከት ሲሆን፣ ከምዕራብ በኩል የሚመጣው አየር በኮንጎ ደንና በደቡብ ሱዳን ረግረግ ላይ ሲያልፍ የሚጨመርለትን እርጥበት ያነሳል። ዕፅዋት በሥራቸው የሳቡትን ውሃ በቅጠላቸው ሲያስወጡ አይሶቶፑን ብዙ አይለያዩትም፤ የዘነበው ከባድ ውሃ እንዳለ ወደ አየር ይመለሳል። ደመናው በዝናብ የጣለውን ደኑ ስለሚመልስለት፣ ብዙ ርቀት ቢጓዝም እንደተጠበቀው አይሳሳም። በዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያዊው የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪ ሰይፉ ከበደም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ጽፏል። የትኛው ምንጭ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ክርክሩ አልተቋጨም፤ ሁለቱም እየተጋገዙ የሚሠሩ መሆናቸው ግን አሳማኝ ነው። ነገሩ ፖለቲካዊ ትርጉምም አለው፦ የክረምቱ ዝናብ ከፊሉ ከጎረቤት አገር ደንና ረግረግ የሚነሳ ከሆነ፣ የዚያ ደን መመናመን የኢትዮጵያ ገበሬ ጉዳይ ይሆናል።

የአዲስ አበባ መዝገብ ለከርሰ ምድር ውሃ ጥናት የሰጠው የመጀመሪያ ጥቅም ይኸው የበልግና የክረምት ልዩነት ነው። በደጋው የሚገኙ ብዙ ምንጮችና ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ሲለኩ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ይመሳሰላሉ። የበልጉ ዝናብ አፈሩን አርሶ፣ ሰብሉን አጠጥቶ፣ መልሶ ይተናል፤ የከርሰ ምድሩን ቋት የሚሞላው በዋናነት ክረምቱ ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል ከፍታን ተከትሎ የሚመጣው ለውጥ በኢትዮጵያ ደጋ ደካማ በመሆኑ፣ በአልፕስ ተራሮች እንደሚደረገው ምንጩን ለክቶ ዝናቡ ከየትኛው ከፍታ ላይ እንደሰረገ መናገር እዚህ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ ቁጥር አገሩን ሳይለኩ ቢሠራበት የሐሰት ተራራ ያስገኛል።

ለሐይቆች ግን ዘዴው ቁልጭ ያለ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉት ሐይቆች ፀሐይና ነፋስ ስለሚያተናቸው ውሃቸው ከዝናቡ እጅግ የበለጸገ ሆኖ ይገኛል። መውጫ ያለው ሐይቅ ከፊሉን ውሃ በወንዝ ስለሚያፈስ ብልጽግናው ይወሰናል፤ ጣና ዓባይን እንደሚያወጣው። አቢያታን የመሰለ መውጫ የሌለው ሐይቅ ግን የገባለትን ውሃ በትነት ነው የሚያጣው። በዚህ ምክንያት ሐይቅ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ሲለካ ውሃው ከሐይቁ የሰረገ ይሁን ከዝናብ በቀላሉ ይለያል። ስሌቱ ለምሳሌ ያህል እንዲህ ነው፦ የአካባቢው ዝናብ ወለድ ውሃ ኔጋቲቭ 2፣ ሐይቁ ፖዘቲቭ 6፣ ጉድጓዱ ፖዘቲቭ 2 ቢሆን፣ ጉድጓዱ በሁለቱ መካከል እኩል ስለቆመ ውሃው ግማሹ ከሐይቅ ነው። ሐይቁ የሶዳ ወይም የፍሎራይድ ብዛት ያለበት ከሆነ፣ ይህ ቁጥር ለጉድጓዱ ተጠቃሚዎች የጤና መረጃ ነው።

ከኢትዮጵያ ውጭ የዘዴውን ጉልበት በግልጽ ያሳየው በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ በረሃ ሥር ያለው የኑቢያ አሸዋ ድንጋይ ውሃ ነው። ግብፅ፣ ሊቢያ፣ ሱዳንና ቻድ የሚጋሩት ይህ ግዙፍ የውሃ ክምችት በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ ሲለካ ኦክስጅን 18ቱ ኔጋቲቭ 10 አካባቢ ነው። ዛሬ በአካባቢው አልፎ አልፎ የሚጥለው ዝናብ ከዚህ በጣም የበለጸገ ነው፤ የናይልም ውሃ እንዲሁ። ስለዚህ ክምችቱን የሞላው የዛሬው ዝናብም ወንዙም አይደለም። በረሃው አረንጓዴ በነበረበት፣ አየሩም ቀዝቀዝ ባለበት በጥንት ዘመን የዘነበ ውሃ ነው። ትሪቲየምም አይገኝበትም። የሚወጣው ሊትር ሁሉ ከተቀማጭ የሚቀነስ ነው፤ ወለድ የለውም።

ዝናብ የተሸከመው ምልክት ከውሃ አልፎ ወደ ሰብልም ይሻገራል። ተክል የሚጠጣው የአካባቢውን ዝናብ በመሆኑ የቡና ፍሬ እንኳ የበቀለበትን አገር የሃይድሮጅንና የኦክስጅን አሻራ ይዞ ይወጣል፤ በውጭ ገበያ የቡና ትውልድ ሥፍራ ሲያጠራጥር ላቦራቶሪዎች ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ማነጻጸሪያው ግን ያው የዝናብ መዝገብ ነው።

የአየር ጠባይ ሞዴሎችም አይሶቶፕን ጨምረው ማስላት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሞዴሉ ያሰላው ዝናብ ከጣቢያው ልኬት ጋር ሲገጥም የእርጥበቱን መንገድ በትክክል እንደያዘ ይታመናል፤ ሳይገጥም ሲቀር የት እንደሳተ ይጠቁማል። ጣቢያ በሌለበት ቦታ ደግሞ ከኬክሮስ፣ ከከፍታና ከሙቀት እየተነሳ ዋጋውን የሚገምት የዓለም ካርታ ይዘጋጃል፤ ብዙ ጥናቶችም በካርታው ይጠቀማሉ። ችግሩ ግምቱ የሚስተው ልኬቱ በሳሳበት ሥፍራ መሆኑ ነው። አዲስ አበባን በኬክሮስና በከፍታ ብቻ የገመተ ሰው በሺህ ብዙ ዝቅ ያለ ቁጥር ያገኛል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ላለው የኢትዮጵያ ክፍል ደግሞ ረጅም የወር በወር መዝገብ እንደ ልብ አይገኝም። በባሌ፣ በጋምቤላ፣ በኦጋዴን፣ በትግራይ የሚጥለው ዝናብ የሚመጣበት አቅጣጫና ወቅት የተለያየ በመሆኑ የአንዱ ቁጥር ለሌላው አይሠራም። የሚያስፈልገው ግን ብዙ አይደለም፤ ዝናብን በየቀኑ የሚለኩ ጣቢያዎች በየክልሉ አሉ፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ በወር አንድ ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ የዝናቡን መጠን ጽፈው ቢያስቀምጡ ይበቃል። በጥሩ ጠርሙስ የታሸገ ናሙና ለዓመታት ሳይበላሽ ስለሚቆይ፣ ለልኬቱ ገንዘብ እስኪገኝ ሊጠብቅ ይችላል። ሳይያዝ ያለፈ ወር ዝናብ ግን ኋላ ተመልሶ አይለካም።